ከ22 ደቂቃ የተረፈችው ቀልድ

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደውላልኝ ስንጫወት ስለ «ፍሬንድስ» ተነሳ። እኔም የምወዳትን አንዲት ቀልድ ጠቀስኩላት። «ቲቸር፣ እሷ ትዕይንት የለችም እኮ። ሁሉንም ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ ከሌላ ፊልም ጋር ተምታቶብዎት ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን ከነከነኝ።

ያቺን ትዕይንት ያየኋት ከወንድሜ ጋር ነው። ከዲሲ ለእረፍት ሲመጣ ዲቪዲውን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። «ይቺን አንዴ ድገማት!» እያለ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ አሁንም ይታየኛል። ካረፈ አምስት ዓመት ሆነው። ትዕይንቷ ከሌለች ያንን ምሽት ከየት አመጣሁት?

እንግዲህ የታሪክ አስተማሪ አይደለሁ? ምንጭ ፍለጋ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ፍሬንድስ» እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በኤንቢሲ 236 ክፍል ተላልፏል። የተመደበለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ማስታወቂያው ሲቀነስ ለቀልዱ የሚተርፈው 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ፊት የሚቀረጸው ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ይቆረጣል። ታሪኩን ወደፊት የማትገፋ ቀልድ፣ የፈለገውን ያህል ብታስቅ፣ ቀድማ የምትሄደው እሷ ናት። ዲቪዲው ሲወጣ ከተቆረጡት ብዙዎቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ።

በ2012 ብሉሬይ ሲመጣ ግን እንደገና ወጡ። ተከታታዩ የተቀረጸው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን፣ ተቆርጦ የተቀጠለው ግን በዘመኑ የቪዲዮ ጥራት ነበር። ለአዲሱ ጥራት ወደ ኔጌቲቩ ተመልሶ ሁሉንም እንደገና መቀጠል ያስፈልግ ነበር። ያ የተደረገው በቴሌቪዥን ለተላለፈው ቅጂ ነው። ረዘም ያለው እዚያው አሮጌው ዲቪዲ ላይ ቀረ። በ2015 ኔትፍሊክስ የጀመረውም አጭሩን ነው። ስለዚህ ተማሪዬ ልክ ናት፤ እኔም ልክ ነኝ።

መቆረጥ ደግሞ ሁልጊዜ የደቂቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 8ኛው ሲዝን ላይ ቻንድለርና ሞኒካ ለጫጉላ ሽርሽር ሲነሱ፣ ቻንድለር ኤርፖርት ውስጥ ስለ ቦምብ ይቀልድና ጣጣ ውስጥ ይገባል። ይህ የተቀረጸው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊት ነበር። ክፍሉ በኦክቶበር 2001 ሲተላለፍ ግን ያ ሁሉ ወጥቶ በምትኩ ሌላ ታሪክ ተቀርጾ ገብቶበታል። ሕዝብ የመጀመሪያውን ያየው ቆይቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው፣ አንድ አገር በአንድ ወር ውስጥ በምን መሳቅ እንዳቆመ ይገባዋል። ይሄ ታሪክ ካልሆነ ምን ታሪክ ነው?

ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ ስለ አጼ ቴዎድሮስ ስንማር ሦስት ዜና መዋዕል አለ እል ነበር፦ የደብተራ ዘነብ፣ የአለቃ ወልደ ማርያምና ጸሐፊው ያልታወቀው። «አንዱን ብቻ ያነበበ፣ ያላነበበውን የለም አይበል» እያልኩ አሰለቻችሁ ነበር። ለካ ለሲትኮምም ይሠራል።

ቅዳሜ ዕለት ካርቶኑን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። ላፕቶፔ ዲስክ አይቀበልም፤ ከጎረቤት ማጫወቻ ተዋስኩ። ሦስተኛው ዲስክ ላይ አገኘኋት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ቀልዷን እዚህ አልጽፋትም፣ በጽሑፍ ትሞታለች። እንደ ወንድሜ አንዴ ደገምኳት።

በስልኬ ቀርጬ ለተማሪዬ ላክሁላት። «ይቅርታ ቲቸር፣ ለካ ነበረች» ብላ መለሰችልኝ።

አደራ፣ የድሮ ዲስክና ካሴታችሁን «ኢንተርኔት ላይ አለ» ብላችሁ አትጣሉ። ሁሉም የለም። እናንተስ ጋ፣ ሌላው ሰው «የለም» የሚላችሁ ምን አለ?