የፗሮ ቀጣይ ልቦለዶች

የፗሮ ቀጣይ ልቦለዶች እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሶፊ ሃና ከ2014 ጀምሮ የጻፈቻቸው፣ የአጋታ ክሪስቲን ቤልጅየማዊ መርማሪ ኤርኩል ፗሮን ወደ ሥራው የመለሱ የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ፗሮ በፈጣሪው እጅ የሞተ ሰው ነው። ክሪስቲ «መጋረጃ» የተባለውን የመጨረሻ ታሪኩን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ጽፋ ለዓመታት ካስቀመጠችው በኋላ በ1975 ታተመ። ኒውዮርክ ታይምስም የሞቱን ዜና እንደ እውነተኛ ሰው ሞት በፊት ገጹ አወጣው። ደራሲዋ በጥር 1976 አረፈች። በብሪታንያ የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ስለሚጸና ማንም ብድግ ብሎ ፗሮን ሊጽፍ አይችልም፤ ሃና የጻፈችው የክሪስቲን ሥራዎች የሚያስተዳድረው አጋታ ክሪስቲ ሊሚትድ ፈቅዶላት ነው።

አዲስ ደራሲ የታወቀ መርማሪ ሲረከብ ከሤራው ይልቅ የሚከብደው የትረካው ድምፅ ነው። አንቶኒ ሆሮዊትዝ በ2011 ሼርሎክ ሆምስን ሲመልስ በባልንጀራው በዶክተር ዋትሰን አንደበት ለመተረክ ደፈረ፤ ተሳካለትም። ሃና ግን የፗሮን የቆየ ባልንጀራ ሻምበል ሄስቲንግስን አልነካችውም። በምትኩ ኤድዋርድ ካችፑል የተባለ የስኮትላንድ ያርድ መርማሪ ፈጠረች። አንባቢ «ይህ የክሪስቲ አጻጻፍ አይደለም» ብሎ ቢያኮርፍ መልሱ ዝግጁ ነው፤ የሚተርከው ሌላ ሰው ነዋ! ዘዴው ከክሪስቲ ልማድም አይወጣም። ሄስቲንግስ የተረከው ከ33ቱ የፗሮ ልቦለዶች ስምንቱን ብቻ ነው። በ1926 የወጣውን የሮጀር አክሮይድ ግድያ የሚነግረን የመንደር ሐኪም ሲሆን፣ በ1936 የታተመውን የሜሶፖታሚያ ግድያ ደግሞ አንዲት ነርስ ትተርካለች። ጊዜውም በብልሃት የተመረጠ ነው። ከ1929 እስከ 1931 ክሪስቲ አንድም የፗሮ ልቦለድ አላሳተመችም፤ ሃና ታሪኮቿን የሰካችው በዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ «የሞኖግራም ግድያዎች»፣ ፗሮ እረፍት ፈልጎ ከገዛ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ ማረፊያ ቤት ተከራይቶ ተደብቋል። በአንድ የለንደን ሆቴል ሦስት እንግዶች በየክፍላቸው ሞተው ሲገኙ፣ በእያንዳንዳቸው አፍ ውስጥ ፊደል የተቀረጸበት የእጅጌ ቁልፍ አለ። አነሳሱ ግሩም ነው፤ መፍቻው ግን ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ እየደረበ ይንዛዛል። በ2016 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ አየርላንድ ይወስደናል፤ አንዲት ባለጸጋ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ልጆቿን ከውርስ ነቅላ ንብረቷን ሊሞት ለተቃረበ ጸሐፊዋ ታወርሳለች። ከሁሉ የሚጥመው ግን የ2018ቱ ነው። አራት ሰዎች ነፍስ ገድላችኋል የሚል ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ከግርጌው ያለው ስም የፗሮ ነው፤ እሱ ግን አንዱንም አልጻፈም። ሰውየው ለስሙ ያለውን ቀናኢነት የሚያውቅ አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ በ2020 እና በ2023 ሌሎች ሁለት ወጥተዋል።

የሃና ፗሮ ከክሪስቲው ይልቅ ብዙ ይናገራል። ሆኖም ሪዙን፣ ሥርዓት ወዳድነቱን፣ ሁሉንም ሰብስቦ ምስጢሩን የሚዘረግፍበትን ትዕይንት አልተነጠቀም። መጻሕፍቱ ራሳቸውን የቻሉ ቢሆኑም በቅደም ተከተላቸው ማንበብ ይሻላል፤ ካችፑል በመጀመሪያው ላይ ሬሳ ማየት የሚጨንቀው ሰው ነውና፣ ከፗሮ አጠገብ እየቆየ የበሰለ መርማሪ ሲሆን መከታተል ከሤራዎቹ ያላነሰ ደስታ አለው።