ከፍል ውኃ እስከ ጀሞ፦ ቦይለር ወይስ ታንከር አልባ?

አዲስ አበባ የተወለደችው ሙቅ ውኃ ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ፍል ውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ለቦታውም ስሙን አወጡለት። ማገዶ የለ፣ ቆጣሪ የለ፤ ምድር ራሷ ታፈላለች። ግን ሰው ወደ ውኃው ይሄዳል እንጂ ውኃው ወደ ሰው ቤት አይመጣም ነበር።

ሌላው ዓለም ሙቅ ውኃን ቤቱ ያስገባው በሁለት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሞን ውኃን እየፈሰሰ ሳለ በጋዝ የሚያሞቅ መሣሪያ ሠራ። ስሙን «ጋይዘር» አለው፤ ከአይስላንድ ፍል ውኃ የተዋሰው ስም ነው። በ1889 ደግሞ የኖርዌይ ተወላጁ ኤድዊን ሩድ አሜሪካ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ባለ ታንከር ማሞቂያ አወጣ። ዛሬ «ዘመናዊ» ተብሎ የሚሸጥልን ታንከር አልባ ሐሳቡ ከሩድ ቦይለር ይቀድማል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀሞ እንምጣ። በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጀሞ ሲደርስ፣ በግቢ የጋራ መታጠቢያ ይጠቀም የነበረ ብዙ ቤተሰብ የራሱን ሻወር አገኘ። ጥያቄውም አብሮ መጣ፤ የቱን እንግዛ?

ሒሳቡን እንሥራው። በደቂቃ 3 ሊትር ብቻ የሚወርድ ቀጭን ሻወርን ከ16 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ታንከር አልባው 5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። በ220 ቮልት ይህ 23 አምፒር ነው። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ግን በ1.5 ኪሎዋት፣ በ7 አምፒር፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውኃውን 60 ዲግሪ ያደርሰዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቧንቧው ውኃ ካለው ለሰዓታት ያገለግላል። ታንከር አልባው መብራት ሲጠፋ ምንም የለውም፤ የውኃው ግፊት ሲደክምም አይነሣም።

ታንከር አልባውም ጥቅም አለው። ቦታ አይዝም፣ ሳይጠቀሙበት የሚባክን ሙቀት የለውም። ለብቻው የሚኖር፣ መስመሩ በባለሙያ የተፈተሸለት ሰው ቢገዛው አልቃወምም።

ችግሩ ሽቦው የጋራ መሆኑ ነው። በአንድ ብሎክ 20 ቤት ማታ በአንድ ጊዜ ቢከፍት፣ በታንከር አልባ 100 ኪሎዋት፣ በቦይለር 30 ኪሎዋት ይሆናል። ለምጣድና ለምድጃ የሚጨናነቀው መስመር ልዩነቱን ያውቀዋል። የሚግለው ገመድና የሚቃጠለው ፊውዝ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም፤ ሲከፋ እሳት ነው፣ እሳት ደግሞ በር አንኳኩቶ አይገባም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ለኮንዶሚኒየም ቤት ቦይለር ይሻላል፤ ኤርዙ በትክክል የታሰረ፣ የግፊት መልቀቂያው ያልተደፈነ። ታንከር አልባ የሚገባው የብሎኩ ኮሚቴ መስመሩን ካስፈተሸ በኋላ ነው። ሙቅ ውኃችን ከፍል ውኃ ወጥቶ ግድግዳችን ላይ ቢሰቀልም፣ ዛሬም የጋራ ነው።

እናንተ ብሎክ ውስጥ መስመሩ የተፈተሸው መቼ ነው?