ካርቱም፣ ጁባ፣ አስመራ፦ የኮምፒውተር የሰዓት መዝገብና የቀድሞ ስሞች ዕጣ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017 ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ከጃንዋሪ 2000 ጀምሮ ካርቱም ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ጋር በአንድ ሰዓት ትመራ ነበር፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ግሪንዊችን የምትቀድመው በሁለት ሰዓት ብቻ ሆነ። ጁባ አልተከተለቻትም። ደቡብ ሱዳን ያንኑ ለውጥ ያደረገችው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ነው።

ኮምፒውተሮች የየአገሩን ሰዓት የሚያውቁት አርተር ዴቪድ ኦልሰን በ1980ዎቹ ከጀመሩት የመረጃ ቋት ሲሆን፣ በውስጡ እያንዳንዱ የሰዓት ሰቅ በአህጉርና በከተማ ይጠራል፤ «አፍሪካ/ካርቱም» እንደማለት። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ስትወጣ «አፍሪካ/ጁባ» ታከለ፤ ሆኖም የካርቱም ሌላ መጠሪያ ከመሆን አላለፈም ነበር። በ2017 ግን ራሱን ቻለ። ማሽኑን አስቀድሞ በጁባ ስም ላስያዘ የጁባ ነዋሪ ምንም አልተለወጠበትም፤ በልማድ «ካርቱም» ብሎ የተወው ግን መዝገቡ ሲታደስ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ዘገየበት። ይዘት የሌለው የሚመስል ስም አስቀድሞ መስጠት ከንቱ ሥራ አልነበረም።

የአስመራ ጉዳይ ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ ይጣፍጣል። መዝገቡ ከተማይቱን በመጀመሪያ የጻፋት «አስሜራ» ተብሎ ሊነበብ በሚችል የላቲን አጻጻፍ ነበር፤ በኋላ «አስማራ» በሚያሰኘው ተተካ። የ«መ» አናባቢ በላቲን ፊደል ቀጥተኛ ምትክ ስለሌለው አንዱ ወደ «ሜ»፣ ሌላው ወደ «ማ» ይጎትተዋል። አማርኛው «አስመራ»፣ ትግርኛው «ኣስመራ» ሲል «መ» በሁለቱም ያው «መ» ነው፤ በግእዝ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ የሚታረም ነገር ባልተገኘም ነበር።

አሮጌው አጻጻፍ ግን አልተሰረዘም። በእርሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይሰናከሉ «ባክዋርድ» ወደተባለው ፋይል ተዛውሮ ዛሬም ይሠራል። ሁለቱም አጻጻፎች፣ አዲስ አበባም ጭምር፣ አሁን የሚያመለክቱት ወደ ናይሮቢ ነው፤ ከ1970 ወዲህ ሰዓታቸው አልተለያየምና።

የአገር መለያ ኮዶች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በዚያ ሥርዓት ፊደሉ ስምን፣ ቁጥሩ ግዛትን ይከተላል። ኤርትራ በ1993 ስትለይ የኢትዮጵያ ቁጥር ከ230 ወደ 231፣ በ2011 ደግሞ የሱዳን ከ736 ወደ 729 ተዛወረ፤ የፊደል ኮዶቻቸው አልተነኩም። በ736 ሥር የተመዘገበ አሮጌ አኃዝ ዛሬም የሚናገረው ስላልተከፈለችው ሱዳን ነው።