የቀርጤስ ዘይትና የልብ ጤና

የወይራ ዘይት በጤና ሰጪነቱ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው፣ ፀረ ኦክሲደንቶቹ የማስታወቂያ ርዕስ ከመሆናቸው በፊት ነው። አሜሪካዊው አንሴል ኪይስ በ1958 እ.ኤ.አ. በጀመሩት የሰባት አገሮች ጥናት፣ የግሪኳ ደሴት የቀርጤስ ገበሬዎች ከምግባቸው ኃይል 40 በመቶ ያህሉን ከስብ፣ በተለይም ከወይራ ዘይት፣ እያገኙ በልብ ሕመም የሚሞቱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ምስጋናውን ሁሉ ለዘይቱ መስጠት ግን ችኮላ ይመስለኛል። ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው የሚሠሩ፣ ሥጋ እምብዛም የማይቀምሱ፣ ብዙዎቹም ጿሚ ኦርቶዶክሶች ነበሩ (ጾም የገበታን ስሌት ምን ያህል እንደሚለውጥ የእኛ አንባቢ ያውቃል)። ዘይቱ የማይጠፋባት ሌላዋ የግሪክ ደሴት ኮርፉ እንኳ በልብ ሕመም የሞተባት ሰው ከቀርጤስ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ ዘይቱ ከንቱ ነው የሚል ካለ፣ 7,447 ሰዎች የተሳተፉበት የስፔኑ ፕሬዲሜድ ሙከራ ይመልስለታል፤ በ2013 እንደታተመው፣ ከሜዲትራኒያን ምግብ ጋር ያልተጣራ የወይራ ዘይት የወሰዱት፣ ስብ እንዲቀንሱ ከተመከሩት ይልቅ የልብና የአንጎል ደም ሥር አደጋ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶላቸዋል። በዕጣ አመዳደቡ ጉድለት ጽሑፉ በ2018 ቢሳብም፣ ታርሞ ሲወጣ ውጤቱ ብዙ አልራቀም። የፀረ ኦክሲደንቱ ማስረጃ ግን ጠባብ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2011 የተቀበለው፣ የወይራ ፖሊፊኖሎች የተባሉት ፀረ ኦክሲደንቶች የደም ቅባትን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይጠብቃሉ የሚለውን ነው፤ ያውም በቀን 5 ሚሊ ግራም ሃይድሮክሲታይሮሶልና ተዛማጆቹ ከተገኙ። በፋብሪካ የተጣራ ዘይት ደግሞ አብዛኛውን ፖሊፊኖል በማጣሪያው ያጣል።