ባንዲራውን ብቻውን ይዞ የገባው

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ ስለ አትሌት ነው፤ ወርቅ ግን የለበትም። እኛ አትሌት ሲባል አበበን፣ ምሩፅን፣ ደራርቱን፣ ኃይሌን እየጠራን ያደግን ሰዎች ነን። ሰማንያኛ ገደማ ለወጣ ሰው ሲተረክለት ሰምተን አናውቅም። እኔ ዛሬ ልተርክለት ነው።

ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው፣ የካቲት 3 ቀን። ቦታው የጣሊያኗ ቶሪኖ። የክረምት ኦሎምፒክ ሊከፈት 80 አገሮች በየተራ ወደ ስታዲየሙ ይገባሉ። የካናዳ ልጆች ሜዳውን ሞልተው አለፉ። ከዚያ «ኢትዮጵያ» ተባለ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ከፍ አድርጎ አንድ ሰው ብቅ አለ፤ ሮቤል ተክለማርያም። ከኋላው የሚከተል ሌላ ተወዳዳሪ አልነበረም። ባንዲራ ያዡም ቡድኑም እሱ ነው። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

የገባበትን ምድርም ልብ በሉ። ከዚያ 70 ዓመት በፊት፣ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገብቶ ባንዲራችንን አውርዷል። በ1952 ጳጉሜን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮም ላይ አሸንፎ ያንኑ ባንዲራ አሰቅሏል። ከአክሱም ተነቅሎ የተወሰደው ሐውልት አገሩ ከገባም ገና ዓመት አልሞላውም። ሮቤል ቶሪኖ የገባው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

ለመሆኑ የበረዶ ልጅ ከየት መጣ? ሮቤል የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ በ1967 መስከረም፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው በወረዱበት ሰሞን። በልጅነቱ አሜሪካ ሄደ። ሁለት ጊዜ የክረምት ኦሎምፒክ ባስተናገደችው በሌክ ፕላሲድ ሲማር በረዶ ላይ መንሸራተትን ለመደ፤ ኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። የመረጠው ስፖርት አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነው። ይህ ከተራራ ቁልቁል መወርወር ብቻ አይደለም። ዳገቱን በገዛ ጉልበት፣ በሁለት እጅ ዱላ እየተመረኮዙ መውጣት አለ፤ ልብንና ሳንባን እንደ ረጅም ርቀት ሩጫ ይፈትናል።

ችሎታው ግን ብቻውን አላደረሰውም። በዚህ ስፖርት አገርን ወክሎ ኦሎምፒክ ለመግባት በዓለም አቀፉ ማኅበር የታወቀ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ያስፈልጋል፤ በአገራችን ደግሞ አልነበረም። ሮቤል ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ አቋቋመው። አዲስ አበባ ሲመጣም ጎማ ባለው መሸርተቻ በአስፋልት ላይ ልምምዱን ሠራ። መንገደኛው ምን ዓይነት ትርዒት ነው እያለ ሲያየው እሱ ለቶሪኖ እየተዘጋጀ ነበር።

ውድድሩ የካቲት 10 ቀን ፕራጄላቶ ላይ ሆነ፤ የሰማዕታት ቀናችን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው። ርቀቱ 15 ኪሎ ሜትር ነው። ተወዳዳሪዎቹ በ30 ሴኮንድ ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ከሰዓት ጋር ይታገላል፣ ፈጣኑ ከኋላው ሲደርስበትም መንገድ ይለቃል። ወርቁን የኢስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ ወሰደ። የ31 ዓመቱ ሮቤል ወደ 100 ከሚጠጉት መካከል በሰማንያዎቹ ተርታ ገባ። ከእሱ ኋላ ከገቡት አንዱ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ነበር።

ስለ ቦይት ካነሣሁ አይቀር ይህን ስሙ። በ1990 ዓ.ም. በናጋኖ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ቦይት 10 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው ከአሸናፊው ከኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ 20 ደቂቃ ዘግይቶ፣ ከሁሉም መጨረሻ ነው። ዴሊ ግን ወርቁን ሊቀበል አልሄደም። መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠበቀውና አቀፈው። ቦይትም በኋላ ልጁን «ዴሊ» ብሎ ሰየመው። ያ ታላቅ አሸናፊ ያቀፈው በረዶ በሌለበት አገር ተወልዶ ያን ርቀት መጨረስ ምን እንደሚጠይቅ ስለሚያውቅ ነው። እኛስ ሮቤልን ማን ብለን ተቀበልነው?

ሮቤል በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ተመለሰ። 35 ዓመቱ ነው። ባንዲራውን የያዘውም፣ 15 ኪሎ ሜትሩን የተወዳደረውም አሁንም እሱ ብቻ ነው። ከመጨረሻዎቹ ጋር ገባ፤ ገባ ግን። ከዚያ ወዲህ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግ፣ በቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ስም አልተጠራም። ጎረቤታችን ኤርትራ ግን ካናዳ ተወልዶ ባደገው በሻነን አበዳ በ2010 ፒዮንግቻንግ ገብታለች፤ በ2014 ቤጂንግም ተገኝታለች።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ወርቅ ያመጣልንን ማክበራችን ደግ ነው፤ አበበንም ያከበርነው ስለሚገባው ነው። ነገር ግን የተዘጋ በር ከፍቶ የገባ ሰው በደረጃው ቁጥር አይለካም። ፌዴሬሽን ሳይኖር ፌዴሬሽን ማቋቋም፣ በረዶ በሌለበት አስፋልት ላይ መሠልጠን፣ ቡድን ሳይኖር ቡድን መሆን፣ ይህ ሁሉ ሰዓት የሚይዘው ዳኛ መዝገብ ላይ አይጻፍም። የሚጽፈው አገሩ ነው፤ እኛ ደግሞ አልጻፍነውም።

ዛሬ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ እየተጫወቱ የሚያድጉ የእኛ ልጆች አሉ። እናትና አባት ሆይ፣ ስለ አበበና ስለ ኃይሌ ስትነግሯቸው ስለ ሮቤልም ንገሯቸው። የስፖርት ሹማምንትም ፌዴሬሽኑን ከስም አልፎ ልጆች የሚመዘገቡበትና የሚታገዙበት ቤት አድርጉት። ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ብቻውን እንዳይገባ ማድረግ የእኛ ዕዳ ነው።