«ሮቴሽን»ን ማን አሽከረከረው?
ደብረ ማርቆስ ላይ «ሮቴሽን» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው እርሻ ነው፤ የግብርና ባለሙያው ጤፍ በነበረበት ማሳ ባቄላ ዝሩ ሲል። ለዚያስ «ማፈራረቅ» የሚል ጥሩ ቃል አለን። ያሳሰበኝ የአውሮፕላኑ ነው። ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ «አብራሪው አውሮፕላኑን ያሽከረክራል» ብሎ ተርጉሞት አየሁ። የላቲኑ ሥር «ሮታ» በእርግጥ መንኮራኩር ነው፤ የጄቱ «ዙረት» ግን የአፍንጫ መነሳት ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ለመብረር ሲንደረደር ባልደረባው «ሮቴት» ሲለው አብራሪው መሪውን በእርጋታ ወደ ራሱ ይስባል፤ የኋላ ጎማዎቹ ገና መሬት ሳይለቁ አፍንጫው በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ገደማ ይነሳል። ከፈጠነ ጭራው አስፋልት ሊመታ ይችላል፤ ከዘገየ ማኮብኮቢያውን ይበላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። እንዲህ ባለ ስስ አየር መንደርደሪያው ይረዝማል፣ የጎማው ፍጥነትም ይጨምራል፤ የአብራሪው እጅ እርጋታ ይበልጥ ዋጋ አለው። እኔ «ቀና ማድረግ» እላለሁ። ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የቆየ ገበሬ ቀና ሲል እግሩ ከመሬት አይለቅም። «መነሳት» የሚለውን ጎማው መሬት ለሚለቅበት ቅጽበት እናቆየው። ተርጓሚዎች ሆይ፣ «ያሽከረክራል»ን እባካችሁ ለመኪና ተዉት።