ጨሞጋ ሞልቶ ነበር



ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ የነበረች ልጅ ደወለችልኝ። ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት። ማታ ተረኛ ሆና ሳለ ደም ግፊቷ ያሻቀበ ነፍሰ ጡር መጣች፤ አልጋ ላይ ሳትወጣ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ማግኒዥየም ወጓት፣ አዋለዷት፣ እናትም ልጅም ተረፉ። «መምህር፣ ድሮ እንዲህ ያለችው ምን ትሆን ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። መንቆረር እንዴት ደብረ ማርቆስ እንደተባለች፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን፣ የራስ ኃይሉን ግብር ሳስተምር ነው የኖርኩት። እናቶቻችን እንዴት ይወልዱ እንደነበር አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አስተምሬ አላውቅም። ይህ ለእሷ መልስ ነው።

በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ምጡ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ «ማርያም ማርያም» ይባላል፣ የልምድ አዋላጇ ትጠራለች። ብዙውን ጊዜ በእልልታና በገንፎ ያልቃል። የልጁ ጭንቅላት አላልፍ ሲል፣ እንግዴ ልጁ አልወጣ ሲል፣ ደም አልቆም ሲል ግን የሰፈሩ እውቀት እዚያው ላይ ያበቃል። የምትንቀጠቀጠውን «ክፉ መንፈስ ለከፋት» ይሏታል፤ የደም ግፊት መሆኑን ማን ይወቅ? በልጅነቷ የተዳረችማ ዳሌዋም ገና አልጠናም።

አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ በምጥ ነው የሞተችው። ጮቄ ሥር ካለው መንደራችን በክረምት በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸከሙ፣ አባቴም አንዱ ነበር። ጨሞጋ ሞልቶ ጠበቃቸው። እስኪጎድል ዳር ላይ ቆሙ፤ ውሃው ሳይጎድል እሷ ዝም አለች። አባቴ ይህን ሲያወራ ሐኪም ጠፋ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚያነሳው ወንዙን ነው።

የድሃ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአጼ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው የተመረቁ ነበሩ። ባገቡ በወራት ውስጥ፣ በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። በስማቸው አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራ (በኋላ ጦር ኃይሎች የተባለው ነው)። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. የመጡት እዚያው ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። የፊስቱላ ታማሚዎችን ሲያዩ ግን ሕይወታቸውን ለእነሱ ሰጡ።

ፊስቱላ ማለት ከምጥ ተርፋ የቀረችው ሴት ዕዳ ነው። ምጡ ለቀናት ሲቆይ የልጁ ጭንቅላት የሚጫነው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል። ልጁ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፣ ባልም ይፈታታል። የጎጃም ሴት ለመታከም የዓባይን በረሃ አቋርጣ አዲስ አበባ መግባት ነበረባት። አውቶቡስ ውስጥ አፍንጫውን ከሚይዝ ሰው ጎን ተቀምጣ ያንን ሁሉ መንገድ! ባሕር ዳር ላይ የሐምሊን ማዕከል የተከፈተው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት 412 ሆነ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞሩ፣ አምቡላንስ ወረዳ ደረሰ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ ተሠራ። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ማቆያውን ነው፤ ምጡ ሳይመጣ፣ ወንዙ ሳይሞላ ቀድሞ መሻገር ማለት ነዋ! ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችም ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ቢላውን ያዙ።

ባለፉት የጦርነት ዓመታት ደግሞ በክልላችን መንገድ ሲዘጋ አምቡላንስም ቆመ። ቃሬዛው እንደገና ወጣ።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ሌሎቻችሁ፣ በእናንተ መንደር ማን ማንን ተሸክሞ፣ የትኛውን ወንዝ ተሻግሮ ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ ያልጻፍኩትን ታሪክ ልሰብስብ።